ከልብስ ሰፊ ቤት ብጣሽ የልጆች ብርድ ልብስ



ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ግን ብርድ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረችው አዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት እንዴት እንደምትቀዘቅዝ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ሌሊት ተነሥታችሁ የልጆቻችሁን እግር ስትዳስሱ ቀዝቅዞ ታገኙታላችሁ። ሦስት ልጆች በአንድ ብርድ ልብስ ሥር ሲጓተቱ ያድራሉ፤ ዳር የተኛው ሲያስነጥስ ይነጋል። አዲስ ለመግዛት ታስቡና የቤት ኪራዩ፣ የትምህርት ቤቱ ክፍያ፣ የአስቤዛው ወጪ ይቀድምባችኋል።

በዛሬው ዝግጅታችን ከአሮጌ ልብስና ልብስ ሰፊዎች ከሚጥሉት ብጣሽ ጨርቅ፣ ሙቀት ያለውና ዓይን የሚስብ ብርድ ልብስ በአጭር ጊዜ እንዴት እንደሚሠራ እናሳያችኋለን። ሥራው ልዩ ሙያ አይጠይቅም። ቀጥ አድርጋ መስፋት የምትችል እናት ሁሉ ትሠራዋለች።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ግን አንድ የራሴን ነገር ልንገራችሁ።

ልጅ ሳለሁ በቤታችን አንድ ድሪቶ ነበር። እናቴ ከአባቴ አሮጌ የካኪ ሱሪ፣ ከእኔና ከእህቶቼ የትምህርት ቤት ልብስ፣ ካረጀ መጋረጃም እየጣፈች የሠራችው ነው። ስድስተኛ ክፍል ስማር ሁለት ጓደኞቼ ሳይታሰብ ቤታችን መጡ። ድሪቶው አልጋው ላይ ተዘርግቶ ስላዩት አፈርሁ፤ አንደኛዋም ምን እንደሆነ ብትጠይቀኝ «የውሻ ምንጣፍ ነው» አልኋት። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ሰምታ ኖሯል። አንድ ቃል አልተናገረችም። ቆሎ አቀረበችልን፤ ሻይ ቀዳችልን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ድሪቶው ቀን ቀን ከዓይን ጠፋ። ቆይቼ እንዳወቅሁት እናቴ እንቅልፍ ከወሰደን በኋላ ከሣጥን አውጥታ ታለብሰን፣ ሳንነቃ ደግሞ አንሥታ ታጣጥፈው ነበር። እኛም ብርድ ሳይነካን አደግን።

ይህን የማነሣው ብዙዎቻችን ከብጣሽ ጨርቅ ጋር ያለን ጠብ ከዚሁ የሚመጣ ስለመሰለኝ ነው። «ድሪቶ» የሚለው ቃል ከድህነትና ከእፍረት ጋር ተያይዟል። ደረተ ማለት ያገኙትን ባገኙት ላይ መጣፍ ነው። እንዲህ የተጣፈ ጨርቅ ወፍራሙ ስሱን እየጎተተ፣ አዲሱ አሮጌውን እየቀደደ ብዙ አይቆይም። ያው ጨርቅ ታጥቦ፣ በእኩል ስፋት ተቆርጦ፣ ገበር ተደርጎለት ሲሰፋ ግን የሚያምር የአልጋ ልብስ ይሆናል። ልዩነቱ ያለው በልኩ ነው።

የሌላው ዓለም ሴቶች ሥራ

በአሜሪካ አገር በአላባማ ክፍለ ሀገር፣ በአላባማ ወንዝ ጥምዝ ላይ ጂስ ቤንድ የምትባል የገጠር መንደር አለች። ነዋሪዎቿ በእርሻ ላይ በባርነት ይሠሩ የነበሩ ጥቁር አሜሪካውያን ዘሮች ናቸው። ቤታቸው ብርድ የሚያስገባ ስለነበር ሴቶቹ ከአሮጌ የሥራ ልብስ፣ ከጂንስ ሱሪና ከዱቄት ከረጢት ሳይቀር ረጃጅም ቁራጭ እያወጡ ልጆቻቸውን የሚያለብሱበትን ድርብ ልብስ ይሰፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 የዚያ አካባቢ ሴቶች ሥራቸውን በጋራ የሚሸጡበት የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ2002 ሥራቸው በሂዩስተን ከተማ የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ቀጥሎም በኒውዮርክ በሚገኘው የዊትኒ ሙዚየም ለሕዝብ ታየ። በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት በእነዚሁ ብርድ ልብሶች ሥዕል ቴምብር አሳተመ። ለብርድ መከላከያ ተብሎ የተሰፋ አሮጌ ሱሪ በሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀለ ማለት ነው።

ወደ እኛ የሚቀርብም ምሳሌ አለ። በህንድ አገር፣ በካርናታካ ክፍለ ሀገር ሲዲ የሚባሉ ሕዝቦች ይኖራሉ። አባቶቻቸው የህንድን ውቅያኖስ አቋርጠው ከምሥራቅ አፍሪካ የተወሰዱ ሲሆኑ፣ በህንድ የሚኖሩት አፍሪካውያን ዘሮች «ሐብሺ» ተብለውም ይጠሩ ነበር፤ ይህም ሐበሻ ከሚለው ስም የመጣ ነው። የሲዲ ሴቶች ከአሮጌ ልብስ ቁራጭ «ካዋንዲ» የሚባል ድርብ ልብስ ይሰፋሉ። ስፌቱን ከዳር ጀምረው እየዞሩ ወደ መሐል ይገባሉ። ሲጨርሱም በአራቱ ማዕዘን ታጥፋ የተሰፋች ትንሽ ጨርቅ ያኖራሉ፤ ስሟ «ፉላ» ነው፤ አበባ ማለት ነው። ካለዚያች አበባ ሥራው እንዳለቀ አይቆጥሩትም።

ጨርቁ ከየት ይገኛል?

አሁን ወደ ሥራችን እንግባ። በመጀመሪያ የቤታችሁን ሣጥን ፈትሹ። አንገትጌው ያለቀ የወንድ ሸሚዝ፣ ያጠረ ቀሚስ፣ መሐሉ የሳሳ አንሶላ፣ የተተወ መጋረጃ ሁሉ ይጠቅማል። ከአንድ የወንድ ሸሚዝ ጀርባ ብቻ 65 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝሙ 8 ብጣሾች ይወጣሉ፤ ይኸውም ሲቀጠል ከ5 ሜትር በላይ ነው። ቀጥሎ የሰፈራችሁን ልብስ ሰፊ ጠይቁ። ከመቀስ ሥር የሚወድቀውን ጨርቅ ብዙዎቹ ጠርገው ይጥሉታል፤ አስቀድማችሁ ብትነግሯቸው በከረጢት ያቆዩላችኋል። ካረጀ የሐበሻ ቀሚስ ላይ የተረፈ ጥበብ ካላችሁ ደግሞ አትጣሉት፤ መሐል ላይ ሲገባ ሥራውን ያደምቀዋል።

ጨርቅ ስትመርጡ እነዚህን አስተውሉ።

አንደኛ፣ ወፍራሙን ከወፍራም፣ ስሱን ከስስ ጋር ለዩ። ጂንስና ካኪ አብረው ይሄዳሉ፤ የሸሚዝ ጨርቅ፣ ቺትና አንሶላ አብረው ይሄዳሉ። ጂንስን ከስስ ቺት ጋር ብትሰፉት ቺቱ ከስፌቱ አጠገብ ይተረተራል።

ሁለተኛ፣ የሚሳብ ጨርቅ፣ ማለትም ከናቴራና ሹራብ፣ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ በመኪና ሥር እየተሳበ ስፌቱን ያጣምመዋል። ናይሎንም በካውያ ይቀልጣል።

ሦስተኛ፣ ሁሉንም አስቀድማችሁ እጠቡ። አዲስ ጨርቅ በመጀመሪያው አጠባ ሊሰበሰብና ቀለም ሊለቅ ይችላል። ቀለሙን የምትጠራጠሩትን አርጥባችሁ በነጭ ጨርቅ ላይ በካውያ ተጫኑት፤ ነጩን ካቀለመው ተዉት። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሠራ ቸኩዬ አንድ ያልታጠበ ቀይ ጨርቅ ከነጭ ጋር ሰፋሁ። በመጀመሪያው አጠባ ነጩ ሁሉ ሮዝ ሆኖ ሁለት ሳምንት የለፋሁበት ሥራ ተበላሸብኝ።

አቆራረጡ

ለአንድ ልጅ አልጋ የሚበቃ፣ 1 ሜትር ከ60 በ1 ሜትር ከ30 ያህል የሆነ ብርድ ልብስ ለመሥራት 6 ሴንቲ ሜትር ተኩል የሚሰፉና እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ከ10 የሚረዝሙ 40 ብጣሾች ያስፈልጋሉ። አጫጭር ከሆኑም ችግር የለም፤ ከ20 ሴንቲ ሜትር እንዳያንሱ ብቻ ተጠንቀቁ። ዋናው ጠቅላላ ርዝመታቸው 44 ሜትር እንዲሆን ነው።

ስፋቱን በዓይን አትገምቱ። ከካርቶን 6 ሴንቲ ሜትር ተኩል የሚሰፋ መለኪያ ቁረጡና በጨርቁ ላይ እያስቀመጣችሁ በጠመኔ አስምሩ። ከዚያ በተሳለ መቀስ ቁረጡ። ጨርቁን በድሩ አቅጣጫ ብትቆርጡት አይሳብም። ሥራው ሁሉ የሚያምረውም የሚበላሸውም እዚህ ላይ ስለሆነ አትቸኩሉ።

አሰፋፉ

የዚህ ዘዴ ፍጥነት የሚመጣው ቁራጮችን አንድ በአንድ ከማዛመድ ነፃ ስለሚያወጣ ነው። ቀለሞቹ በራሳቸው ይሰባጠራሉ፤ እናንተ ቀጥ አድርጋችሁ መስፋት ብቻ ነው።

መጀመሪያ ብጣሾቹን በከረጢት አድርጋችሁ ቀላቅሏቸው። ከዚያ ያወጣችሁትን በየተራ ጫፍ ለጫፍ ቀጥሉ። የጨርቁ ፊት ከፊት ጋር ይግጠም፤ ስፌቱም ከጠርዙ የመኪናው እግር ስፋት ያህል፣ ማለትም ሦስት አራተኛ ሴንቲ ሜትር ገባ ይበል። ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሄዱ ክሩን አትቁረጡ፤ በመጨረሻ አንድ ጊዜ መለያየት ይቻላል፤ ይህም ብዙ ጊዜና ክር ያተርፋል። 40ው ብጣሽ በ39 ስፌት ተቀጥሎ እንደ ጥብጣብ የረዘመ፣ 43 ሜትር ያህል የሆነ አንድ ጨርቅ ይወጣዋል።

ብጣሾቻችሁ ሁሉም እኩል ርዝመት ካላቸው ከጥብጣቡ መጀመሪያ 45 ሴንቲ ሜትር ቁረጡና አስቀሩ። ይህን ካላደረጋችሁ ቅጥያዎቹ አንዱ በሌላው ላይ እየዋሉ ወፍራም መስመር ይሠራሉ። ርዝመታቸው የተለያየ ከሆነ ይህ አያስፈልግም።

አሁን የጥብጣቡን ሁለት ጫፎች ያዙና ፊት ለፊት ግጠሟቸው። ጥብጣቡ እንዳይጠማዘዝ እየተጠነቀቃችሁ በረጅሙ ጎን ስፉት። መጨረሻ ላይ እጥፋቱ ዘንድ ስትደርሱ እጥፋቱን በመቀስ ቁረጡት። ሲዘረጋ ርዝመቱ በግማሽ ቀንሶ 21 ሜትር ተኩል፣ ስፋቱ ደግሞ ሁለት ብጣሽ ሆነ። እንደገና ጫፍና ጫፉን ገጥማችሁ ስፉ፤ አራት ብጣሽ ይሆናል። በሦስተኛው ስምንት፣ በአራተኛው ዐሥራ ስድስት፣ በአምስተኛው ሠላሳ ሁለት ብጣሽ ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። እያንዳንዱ ብጣሽ ከተሰፋ በኋላ 5 ሴንቲ ሜትር ስለሚቀረው ስፋቱ 1 ሜትር ከ60 ይሆናል ማለት ነው። በእነዚህ አምስት እጥፋቶች የምትሰፉት በጠቅላላው 42 ሜትር ያህል ነው። የመጀመሪያው እጥፋት የሥራው እኩሌታ ስለሆነ ረጅም መስሎ ቢታያችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ ከዚያ በኋላ ያለው በየጊዜው በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል።

በየእጥፋቱ መካከል ስፌቱን ወደ አንድ ወገን አስተኝታችሁ በካውያ ተጫኑት። ወደ ጠቆረው ጨርቅ ብታስተኙት ከፊት በኩል አይታይም።

መሐሉና ገበሩ

ብርድ ልብስ የሚሞቀው በመሐሉ ባለው አየር ነው። ለመሐሉ ካረጀ ጋቢ የሚሻል አይገኝም። ጋቢ አራት ድርብ በመሆኑ ዳርና ዳሩ ቢያልቅም መሐሉ ደኅና ነው። ጋቢ ከሌለ የሳሳ አሮጌ ብርድ ልብስ ይሆናል። ባዘቶ ጥጥም ይሞቃል፤ ነገር ግን ሲታጠብ ወደ አንድ ጥግ እንዳይሰበሰብ በየ5 ሴንቲ ሜትሩ ጥቅጥቅ ተደርጎ መሰፋት ስላለበት ለችኩል ሥራ አይመከርም። ለገበር አቡጀዲ ወይም ጠንካራ አሮጌ አንሶላ ይበቃል።

አሰፋፉም እንዲህ ነው። ጋቢውን ወለል ላይ ዘርጉ። በላዩ ገበሩን ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ አንጥፉ። በገበሩ ላይ የሰፋችሁትን ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ አስተኙ። ዙሪያውን በመርፌ ቁልፍ ያዙና ከጠርዙ 1 ሴንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ ስፉ፤ በአንዱ ጎን ግን 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት ተዉ። የተረፈውን ጠርዝ ከርክሙ፤ ማዕዘኖቹንም ሹል እንዲወጡ ቆረጥ አድርጉ። ከዚያ በተከፈተው በኩል እጃችሁን አስገብታችሁ ገልብጡት። ፊቱና ገበሩ ወደ ውጭ፣ ጋቢው ወደ ውስጥ ይሆናል። ክፍቱን በእጅ ስፉት።

ሦስቱ ጨርቆች እንዳይለያዩ በየ15 ሴንቲ ሜትሩ ወፍራም ድርብ የጥጥ ክር በትልቅ መርፌ አስገብታችሁ መልሱና በሁለት ጠንካራ ቋጠሮ እሰሩ። ለዚህ መጠን 80 ያህል ቋጠሮ ይበቃል። ይህን ሥራ ዕድሜያቸው የደረሰ ልጆች ሊያግዟችሁ ይችላሉ፤ ልጅ በእጁ የቋጠረውን ለመልበስ አያፍርም።

አንድ ማሳሰቢያ አለን። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ሲተኛ ወፍራም ድርብ ልብስ አይልበስ፤ ፊቱን ሸፍኖ ትንፋሽ ሊያሳጣው ይችላልና። ለሕፃን ቀን ቀን እያያችሁት የሚጫወትበት ምንጣፍ አድርጉለት።

መኪና ለሌላችሁ

በእጅ ለምትሰፉ ብጣሹን አሰፉት። ስፋቱ 11 ሴንቲ ሜትር ተኩል የሆነ፣ 1 ሜትር ከ10 የሚረዝም 20 ብጣሽ ብትቆርጡ በአራት እጥፋት ብቻ ያንኑ መጠን ታገኛላችሁ፤ ረጅሙ ስፌትም ከ42 ሜትር ወደ 20 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ከዚህ የተሻለው ግን መተባበር ነው። በአንድ ግቢ ካሉ አራት እናቶች አንዷ መኪና ቢኖራት፣ እንደ ዕቁብ ዕጣ አውጥታችሁ በየተራ የአንዳችሁን መሥራት ትችላላችሁ። አንዷ ትቆርጣለች፤ አንዷ ትሰፋለች፤ አንዷ ካውያ ትይዛለች፤ አንዷ ቡና ታፈላለች፤ ልጆችንም ትጠብቃለች። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ ነው።

ጊዜው ከየት ይመጣል?

ቀኑን በሥራ ውላ ማታ ወጥ የምትሠራ እናት «ለዚህ ጊዜ የት አለኝ?» ማለቷ አይቀርም። እኔም እንዲሁ ነበርሁ። ስለሆነም ሥራውን ከፋፍሉት። በአንደኛው ሳምንት ማታ ማታ እጠቡና ቁረጡ፤ ብጣሾቹን በከረጢት አኑሯቸው። በመጀመሪያው ቅዳሜ ቀጥላችሁ ጥብጣቡን አድርሱ። እሑድ ከሰዓት በኋላ አምስቱን እጥፋት ጨርሱ። በሁለተኛው ቅዳሜ ገበርና ጋቢውን ስፉ። ቋጠሮው ማታ ማታ ሬዲዮ ወይም ቴሌቪዥን እየተከታተላችሁ የሚሠራ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ልጃችሁ ይለብሰዋል።

ሲታጠብ በቀዝቃዛ ውኃ ይሁን። ውኃ ሲጠጣ ስለሚከብድ አትጠምዝዙት፤ ተጫኑትና በሁለት ገመድ ላይ ተዘርግቶ በፀሐይ ይድረቅ።

ባለፈው ዓመት እኔም የመጀመሪያው ከተበላሸብኝ በኋላ እንደገና ጀምሬ አንድ ሠራሁ። በዚያ መካከል እናቴን የድሮው ድሪቶ የት እንደደረሰ ጠየቅኋት። ከሣጥኑ ሥር አውጥታ ሰጠችኝ። አብዛኛው አልቋል፤ የካኪው ቁራጭ ግን ደኅና ነበር። ሌላውን ብጣሽ ሁሉ ከጂንስና ከካኪ መረጥሁና አብሬ ሰፋሁት። ሲያልቅ ወስጄ አልጋዋ ላይ ዘረጋሁላት። መነጽሯን አድርጋ አላየችውም፤ በጣቷ እየዳሰሰች መሐሉ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ይኼ የአባትሽ ሱሪ አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

«ነው እማዬ» አልኋት። ስለዚያ ቀን ይቅርታ ልጠይቃት አስቤ ነበር። እርሷ ግን «ስፌቱ ቀጥ ብሏል፤ አንቺ ከእኔ ትሻያለሽ» ብላ ቡና ልታፈላ ተነሣች። አሁን ብርድ ልብሱ ቀንም ሌሊትም አልጋዋ ላይ ነው፤ እንግዳ ሲመጣም አይነሣም።

ውድ እናቶች፣ ውድ እህቶች፤ እናንተም ዛሬ ማታ ሣጥናችሁን ክፈቱና የምትቆርጡትን የመጀመሪያውን ሸሚዝ ምረጡ። ልጆቻችሁም ይዩት፤ የትኛው ብጣሽ የማን ልብስ እንደነበረ ንገሯቸው። በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ዝግጅት እስክንገናኝ ሙቅ ሌሊት ይሁንላችሁ።